ዕዳ የሌለው ደም
(የድሮውን ርካሽ የደም ፊልም ስለሚያወድሱ አዳዲስ ፊልሞች የቀረበ ሂስ)

አንድ ነገር ሲወገዝ ከርሞ ድንገት መወደስ ሲጀምር፣ ሐያሲ ነኝ የሚል ሰው ቆም ብሎ «ምን ተገኘ?» ማለት ይገባዋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካና በኢጣልያ በርካሽ ተሠርተው፣ በጢስ በታፈኑ አዳራሾች ታይተው፣ የዘመኑ ሐያስያን ስማቸውን ለማንሣት እንኳ ይጸየፏቸው የነበሩ ደም አፍሳሽ ፊልሞች ዛሬ አምላኪ አግኝተዋል። አምላኪዎቹም ተራ ተመልካቾች ብቻ አይደሉም፤ ስመ ጥር ዳይሬክተሮች በብዙ ሚሊዮን ዶላር፣ እነዚያን በሳንቲም የተሠሩ ፊልሞች አምሳያ አድርገው እንደገና ይሠራሉ። የእኛም ተማሪ ከዶርም ዶርም በፍላሽና በስልክ እየተቀባበለ ያያቸዋል፤ ይከራከርባቸዋል። ክርክሩ ግን ከጩኸት አያልፍም። አንዱ «ደሙ በዛ!» ይላል፤ ሌላው «አይ፣ እሱ እኮ ስታይል ነው» ይላል፤ በቃ፣ አለቀ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጩኸቱን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው። እነዚህ የውዳሴ ፊልሞች ለምን ይጥማሉ? ጣዕማቸውስ እዚህ ወላይታ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያያቸውን ሰው ምን ያስከፍለዋል? (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ/ ስሙና ነገሩ

ፈረንጆቹ ለእነዚያ ፊልሞች ያወጡላቸው ስም «ኤክስፕሎይቴሽን» ነው፤ ቃሉን በቀጥታ ብንመልሰው «ብዝበዛ» ማለት ነው። ስሙ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። ነጋዴው በዘመኑ ሰውን የሚያጓጓውን ነገር፣ ማለትም ደምን፣ ራቁት ገላን፣ በቀልን፣ የመኪና ግጭትን ይመርጥና በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ጊዜ ፊልም አድርጎ ያወጣዋል። ፖስተሩ ሁልጊዜ ከፊልሙ ይበልጣል። በኒው ዮርክ አርባ ሁለተኛ ጎዳና ላይ እንዲህ ያሉትን ፊልሞች እያከታተሉ የሚያሳዩ «ግራይንድሃውስ» የሚባሉ አዳራሾች ነበሩ። አንዱ ኮፒ ከአዳራሽ አዳራሽ፣ ከከተማ ከተማ ሲዞር ይጫራል፣ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ተመልካች የሚያየው ዝናብ የሚዘንብበት የሚመስል ምስል ነው።

የሰርጂዮ ኮርቡቺ «ጃንጎ» በ1966 የወጣው ከዚህ ወገን ሆኖ ነው። ፍራንኮ ኔሮ በጭቃ ላይ የሬሳ ሣጥን እየጎተተ ይመጣል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን ሬሳ ሳይሆን መትረየስ ነው። ፊልሙ ስለተወደደ፣ ከእሱ ጋር ዝምድና የሌላቸው ስሙን ብቻ የለጠፉ ብዙ «ጃንጎ»ዎች ተፈለፈሉ። በአሜሪካ ደግሞ ጥቁር ተመልካቾችን አልመው የተነሡ የወንጀልና የበቀል ፊልሞች መጡ፤ ከእነሱ መካከል በ1971 የወጣው «ሻፍት» ዋነኛው ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ሦስተኛው «ሻፍት» የእኛኑ አፈር ረግጦ እንደሄደ ይወቅ። በ1973 የወጣው፣ ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ከፊሉ የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ሪቻርድ ራውንድትሪ የሚጫወተው የኒው ዮርኩ መርማሪ፣ ወጣት አፍሪካውያንን እያማለለ ወደ አውሮፓ የሚያሻግርና ጉልበታቸውን የሚሸጥ የደላሎች ሰንሰለት ለመበጠስ አዲስ አበባ ይገባል። ነገሩን ልብ በሉ! ከሆሳዕናና ከአካባቢው፣ ከእኛም መንደሮች፣ በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዘውን ወጣት ለሚያውቅ ሰው ይህ ጭብጥ ተረት አይደለም። ፊልሙ የያዘው ቁስል የእውነት ቁስል ነው። ነገር ግን ቁስሉን የያዘው ለድብድቡ መወጣጫ መሰላል አድርጎ ነው፤ አክተሩ ከወጣ በኋላ መሰላሉ ይረሳል። የሚሻገሩት ልጆች ፊታቸው ብቻ ይታያል እንጂ ታሪካቸው አይነገርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ። የድሮዎቹ ፊልሞች ርካሽ ቢሆኑም ከደሙ በስተጀርባ አንድ ያልተከፈለ ዕዳ ነበራቸው፦ የተበደለ ድሃ፣ የተናቀ ጥቁር፣ የተደፈረች ሴት። ተመልካቹ ለደሙ ሲያጨበጭብ የሚያጨበጭበው ለዕዳው መከፈል ነበር። ዕዳውን ነጋዴው ይበዘብዘው ነበር፤ ቢሆንም ነበር።

ለ/ ጭረት ጌጥ ሲሆን

አሁን ወደ አወዳሾቹ እንምጣ። በ2007 ኩዌንቲን ታራንቲኖና ሮበርት ሮድሪጌዝ «ግራይንድሃውስ» የተባለ ጥንድ ፊልም አወጡ፤ ርዝመቱ ከሦስት ሰዓት ያልፋል። የሮድሪጌዝ ድርሻ «ፕላኔት ቴረር» ነው፤ በተቆረጠ እግሯ ምትክ መትረየስ የተገጠመላት ሴት ታሪክ ነው። የታራንቲኖው «ዴዝ ፕሩፍ» ደግሞ ሴቶችን በመኪናው የሚገድል አንድ የፊልም አደጋ ሠራተኛ ያሳየናል። በሁለቱ መካከል ጭራሽ ያልተሠሩ ፊልሞች ማስታወቂያ ገብቷል። ሥራው አዲስ ሆኖ ሳለ በፊልሙ ላይ ሆን ተብሎ ጭረት ተጨምሮበታል፤ ነገሩ በተጋጋለበት ሰዓት ላይ «አንድ ጥቅል ጎድሏል» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ታሪኩ ዘሎ ይቀጥላል። ሲኒማ ቤት የወጣበትን ገንዘብ አልመለሰም፤ ግን ወለደ። ከሐሰተኞቹ ማስታወቂያዎች አንዱ «ማሼቴ» በ2010፣ ሌላው «ታንክስጊቪንግ» በ2023 እውነተኛ ፊልም ሆኑ። በካናዳ የተሠራው የ2011 «ሆቦ ዊዝ ኤ ሾትገን»ም ለዚሁ ሥራ በወጣ የማስታወቂያ ውድድር ካሸነፈ አጭር ቅንብር የተወለደ ነው።

ይህ ለምን ይጥማል? ሦስት ምክንያት ይታየናል።

አንደኛው የተጠበቀ ቃል ነው። ሌላው ፊልም «ስለ ሰው ልጅ ዕጣ እነግርሃለሁ» ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ሽጉጥ ያወጣል። የደም ፊልም ግን ከፖስተሩ ጀምሮ «ደም አሳይሃለሁ» ይላል፤ ያሳያልም። ዋሾ አይደለም። ብዙ በተዋሸበት ዓለም ውስጥ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ቃሉ የማይረባ ቢሆንም እንኳ፣ ይከበራል።

ሁለተኛው የሚታየው ስፌት ነው። ልብሱ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ በኩል ተገልብጦ ይታየናል። በ«ዴዝ ፕሩፍ» ውስጥ በሚከንፍ መኪና ኮፈን ላይ ተጋድማ የምትሄደው ዞዊ ቤል በእውነተኛ ኑሮዋም የፊልም አደጋ ሠራተኛ ናት፤ የምትጫወተውም ራሷን ነው። ተመልካቹ ታሪኩን ያያል፤ ከታሪኩ ጀርባ ደግሞ የምትሠራዋን ሴት ክንድና ድፍረት ያያል። ሌላ ጊዜ ስሟ በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ሠራተኛ እዚህ ፊት ለፊት ወጣች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የማወቅ ደስታ ነው። በ2003ቱ «ኪል ቢል» ውስጥ ኡማ ተርማን የለበሰችው ጥቁር መስመር ያለበት ቢጫ ልብስ፣ ብሩስ ሊ ከሞተ በኋላ በ1978 በወጣው «ጌም ኦቭ ዴዝ» የለበሰው እንደሆነ ያወቀ ተመልካች «አወቅኩህ!» ብሎ ፈገግ ይላል። ፊልሙ ይጠቅሰዋል፤ እሱም ይመልሳል። ቅኔ ሰምቶ ወርቁን ቀድሞ ያገኘ ተማሪ የሚሰማው ደስታ ቢጤ ነው።

ሦስቱም ደስታዎች እውነተኛ ናቸው፤ በእነሱ መደሰት ነውር የለበትም። ነገር ግን ሦስቱም ስለ ደሙ እንጂ ስለ ዕዳው አይደሉም። በአሜሪካ የታየውን «ኪል ቢል» ያየ ያስታውሳል፤ ደሙ በጣም በበዛበት ትልቁ ውጊያ ላይ ምስሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጣል። ቀዩ ጠቁሮ ሲፈስ ማንም ስለ ሟቾቹ አያስብም፤ ስማቸው እንኳ በቁጥር ነው። ተመልካቹ የሚቆጥረው ጥቅሶቹን ነው።

ሐ/ ቪዲዮ ቤትና ተርጓሚው

ለእኛ ግን ጭረቱ ጌጥ ሆኖ አልመጣም። በትልልቆቹም በትንንሾቹም ከተሞቻችን፣ ሶዶን ጨምሮ፣ ቪዲዮ ቤት የሚባለው ክፍል ለብዙ ልጅ የመጀመሪያው ሲኒማ ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ፤ አለቀ። ካሴቱ ኮፒ የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ መብራት ሲሄድ የጎደለው ጥቅል በእውነት ይጎድላል። የካራቴው፣ የአክሽኑና የህንዱ ፊልም ከመጨረሻው ይልቅ በመሃል የሚታወስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታራንቲኖ በገንዘብ የገዛውን ጉድለት እኛ በነፃ አግኝተነዋል።

ከዚያ ደግሞ ትርጉም ፊልም መጣ። አንድ ሰው ብቻውን ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ይናገርላቸዋል፤ ጀግናውንም፣ ክፉውንም፣ አልቃሿንም በዚያው ድምፅ። መተርጎም ብቻ መቼ! ይቀልዳል፣ ይሳደባል፣ አክተሩን ይመክራል፣ «ከኋላህ ነው፣ ዙር!» ይላል። ሰው ሲቆረጥ ይስቃል፤ አዳራሹም አብሮ ይስቃል። «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ ሕፃኑም ያውቃል። እንግዲህ ሦስቱን ደስታዎች፣ ቃል መጠበቁን፣ የሚታየውን ስፌትና የማወቅን ፈገግታ፣ ያለ አወዳሽ ዳይሬክተር አግኝተናቸው ነበር ማለት ነው። ተርጓሚው የእኛ አወዳሽ ነበር።

ጎረቤቶቻችን ይህንን ወደ ሙሉ ጥበብ ለውጠውታል። ካምፓላ ዳር በዋካሊጋ ሰፈር አይዛክ ናብዋና በ2010 «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለውን ፊልም የሠራው ከሁለት መቶ ዶላር ባነሰ ገንዘብ እንደሆነ ይናገራል። ጥይቱ በኮምፒውተር የተጨመረ ብልጭታ፣ ሄሊኮፕተሩ የልጅ ሥራ የሚመስል ነው። በፊልሙ ላይ ቪጄ ኤሚ የተባለው ቀልደኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያወራል፤ ይጮኻል፤ ተመልካቹን ያቁነጠንጣል። የኡጋንዳ የቪዲዮ አዳራሽ ልማድ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል። ልብ ማለት የሚገባን፣ እዚህ ላይ ድህነቱ የተቀባ አይደለም፤ ድህነቱ ራሱ ነው። የሰፈሩ ልጆች እርስ በርሳቸው ፊልም ሲሠሩ እናያለን። ደሙ ቀለም እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም፤ ደስታቸው ግን ቀለም አይደለም። በሚሊዮን ከተሠራው «ፕላኔት ቴረር» ይልቅ የዋካሊጋው ይበልጥብናል የምንለው ለጉርብትና ብለን አይደለም። አንደኛው ያልኖረበትን ጉድለት ይለብሳል፤ ሁለተኛው የኖረበትን ጉድለት ይስቅበታል።

መ/ የኃይሌ ገሪማ ጥያቄ

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የጠየቀ ኢትዮጵያዊ አለን። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲማሩ፣ የጥቁሮቹ የወንጀልና የበቀል ፊልሞች በከተማው ሁሉ ይታዩ ነበር። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ያንን ስልት አልተቀበሉም፤ በካሜራ መልስ ሰጡ። በ1975 የሠሩት «ቡሽ ማማ» ስለ ዶሮቲ ነው፤ በመንግሥት ድጎማ የምትኖር፣ ባሏ የታሰረባት እናት ናት። መጨረሻው ላይ ልጇን ሲደፍር ያገኘችውን ፖሊስ ትገድለዋለች። እንግዲህ ነገሩ ያው በቀል አይደለም ወይ? ነው። በርካሹ ፊልምም ቢሆን ይህ ይኖራል። ልዩነቱ ከግድያው በፊት ያለው ነው፦ ወረፋው፣ የቢሮው ወንበር፣ የጸሐፊዋ ጥያቄ፣ በመስኮት የሚታየው ጎዳና፣ የማያልቀው መጠበቅ። ኃይሌ ዕዳውን ሳንቲም በሳንቲም ቆጥረው ካሳዩን በኋላ ነው ደሙ የሚመጣው። ስለዚህ አናጨበጭብም፤ እንደነግጣለን።

በ1976ቱ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም እንዲሁ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ በሆነው ፊልም ውስጥ ገበሬው ያርሳል፣ ከብት ይጠበቃል፣ ባላባቱ ተቀምጦ ይቆጣል። እብድ የሚባለው ከበበ በመጨረሻ ባላባቱን ሲገድለው አንድ ሞት ብቻ ነው። ያ አንድ ሞት ግን በ«ኪል ቢል» ከሚረግፉት ሁሉ ይከብዳል።

ንጽጽሩን ወደ ባርነት ታሪክ እናምጣው፤ ፈተናው እዚያ ላይ ነውና። ኃይሌ በ1993 «ሳንኮፋ»ን አወጡ፤ የዛሬ ዘመን ሴት ወደ እርሻው ተመልሳ ባሪያ ሆና የምትነቃበት ነው። በ2012 ታራንቲኖ የኮርቡቺን ጀግና ስም ወስዶ «ጃንጎ አንቼይንድ»ን አወጣ፤ ፍራንኮ ኔሮም ለሰላምታ ያህል ብቅ ይልበታል። ስፓይክ ሊ ፊልሙን አላየውም ብሎ፣ ባርነት የጣልያን ካውቦይ ጨዋታ አልነበረም የሚል ተቃውሞ አሰማ። እኛ ግን አይተን እንፍረድ። በ«ጃንጎ አንቼይንድ» ውስጥ ሁለት ዓይነት ደም አለ። ጌቶቹ ሲመቱ ደሙ እንደ ቲማቲም ይፈነዳል፤ ያስቃል። ባሪያው በውሻ ሲዘነጠል ግን ካሜራው ይሸሻል፤ ቀልድ የለም፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ታራንቲኖ ቢያንስ የቱ ደም ዕዳ እንዳለበት ያውቃል ማለት ነው። ይህ ፊልሙን ከወንድሞቹ ያስበልጠዋል። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ በ«ሳንኮፋ» ባሪያዎቹ ተማክረው፣ ተጠራጥረው፣ ተጣልተው በጋራ ይነሣሉ፤ በ«ጃንጎ» አንድ አክተር ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ይጨርሳል፤ የቀሩት ቆመው ያዩታል። ልክ እንደ እኛ፣ ተመልካች ይሆናሉ።

በአገራችን ልማድ ደም ሒሳብ አለው። በ1966 ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ» ስሙን የወሰደው ከኦሮሞ የደም ካሣ ሥርዓት ነው። የሞተው ሰው ስም አለው፤ ወገን አለው፤ ገዳዩም ወገን አለው፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሣ ይቆረጣል። በውዳሴ ፊልም ውስጥ ሽማግሌ የሚቀመጥለት ሬሳ የለም።

ሠ/ የእኛ ፊት ያለባቸው ሁለት ውዳሴዎች

ብዙ ዓመት አገራችን የኖረው ስፔናዊው ሚጌል ላንሶ ሁለት ፊልሞች ሠርቷል፤ በሁለቱም ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ ነው። በ2019 የወጣው «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» ግልጽ ውዳሴ ነው፤ የሰላይ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም፣ የጥቁሮቹ የወንጀል ፊልም ተደባልቀውበታል። ዳንኤል የስለላ ሠራተኛ ነው፤ በኮምፒውተር ዓለም ውስጥ የስታሊንን ፊት በወረቀት ጭንብል ያጠለቀ ጠላት ይገጥመዋል፤ «ቤታ ኢትዮጵያ» የሚባል አገርም አለ። ያስቃል፤ ጭንብሎቹን የፈጠረው ምናብ የሚደነቅ ነው። ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ ሰው ምን አጣ? ማን በደለው? «ቤታ ኢትዮጵያ»ስ ከኢትዮጵያ ምን ወሰደች? መልስ የለም። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ተደርቦ ከሥሩ ምድር ጠፋ።

ከዚያ በፊት የሠራው የ2015ቱ «ክረምብስ» ግን ሌላ ነው። ስሙ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ ዳንኤልና ሰላም ተስፋዬ በባዶ ምድር ይኖራሉ፤ ዳሎልን የመሰለ መልክዓ ምድር ለዓለም ፍጻሜ ያለ ምንም ቅብ በቂ ሆኖ ይታያል። ከፈረንጅ ገበያ የቀረ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይሸጣል፤ ለማይክል ጆርዳን ምስል ጸሎት ይደረጋል። ይህ ደሙ ያነሰ ውዳሴ ነው፤ ግን ዕዳው አለ። የሌላ ዓለም ቁርጥራጭ ሸቀጥ ሲወርድልን ኖሮ እሱኑ ተሳልመን የምንኖር ሰዎች መሆናችንን ይነግረናል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ፊልም ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። ከሁለቱ እሱን ደጋግሞ ማየት ይሻላል እንላለን።

ረ/ ወላይታ ላይ ሲታይ

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የጣዕም ብቻ መሆኑ ያበቃል። ከመካከላችን ፊልም ለመሥራት የሚያስብ አለ፤ ዛሬ ስልክ ካሜራ ነውና ነገ ይሠራል። አንዱ ተነሥቶ «የካዎ ጦናን ጦርነት በጃንጎ ስልት ልሥራው» ቢልስ?

ሐሳቡ ያጓጓል፤ አንዋሽ። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን ሲወጋ ስንት ሰው እንዳለቀ፣ ስንቱ እንደተማረከ፣ ስንት ከብት እንደተነዳ፣ ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ በዓይኑ ያየውን ጽፏል። ካዎ ጦና ቆስሎ ተማረከ። እንግዲህ አንድ ፊልም መጥቶ ጦናን ቢያሸንፍልን፣ ሣጥን እየጎተተ ከዳሞታ ተራራ ቢወርድልን፣ አዳራሹ በጭብጨባ አይፈርስም? ይፈርሳል! ታራንቲኖ በ2009 ባወጣው «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» ሂትለርን በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ አስገድሎ ያስጨበጨበው በዚሁ ስሌት ነው።

ሆኖም ሁለት እንቅፋት አለ። የመጀመሪያው፣ ውዳሴ ዋናውን ተከትሎ እንጂ ቀድሞ መምጣት አይችልም። ሂትለር መሸነፉን ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ በሐሰት መገደሉ ማንንም አያሳስትም፤ በተዘጋ ሒሳብ ላይ የተጻፈ ቀልድ ነው። የእኛ ሒሳብ ግን መች ተዘጋ? ብዙው ኢትዮጵያዊ ያልሰማውን ታሪክ ገልብጦ መንገር ቀልድ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ትምህርት ይሆናል። ልጁ ስፌቱን አያይም፤ ልብሱ እንዲህ የተሰፋ ይመስለዋል።

ሁለተኛው፣ አዳራሹ አንድ አይደለም። የሶዶ አዳራሽ ውስጥ የዚያን ዘመን የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል፣ አብረው ይማራሉ። ጥይቱ ወደየት ሲተኮስ ማን እንደሚያጨበጭብና ማን ዝም እንደሚል አስቡት። በ«ግራይንድሃውስ» ሬሳው ወገን የለውም፤ በእኛ ግን ሬሳው ሁሉ የአንድ ሰው አያት ነው።

ታሪኩ አይሠራ ማለታችን ግን አይደለም። ይሠራ! ግን ከደሙ በፊት ያለው ይሠራ፦ ማሳው፣ ግብሩ፣ ምክሩ፣ ፍርሃቱ፣ ከዚያም በኋላ የተነዳው ሰው መንገድ። ኃይሌ ያሳዩን ይህን ነው። ዕዳው ከተቆጠረ በኋላ ማንም የፈለገውን ስልት ይልበስ።

የመጨረሻው ነገር ስለ ስልኩ ነው። ውዳሴ ፊልም የምናይበት ያው ስልክ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እውነተኛ ግድያም ይዞ ይመጣል። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሲገደል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ከእጅ እጅ ዞረዋል። ከዚያም በፊት በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሶዶና ቦዲቲ ላይ፣ የዞኑ አመራሮች መታሰራቸውን ተከትሎ በተነሣው ተቃውሞ፣ ሰዎች በጥይት ሞተዋል፤ ያ ደም ቀለም አልነበረም። እዚህ ላይ የተርጓሚው ልማድ አደገኛ ይሆናል። በቪዲዮ ቤቱ ሳቅ ያደገ አፍ የእውነተኛውንም ቪዲዮ ሲያይ ይቀልዳል፤ «ዙር ከኋላህ!» ይላል፤ ሙዚቃ ይለጥፍበታል፤ ለጓደኛው ይልካል። በቀለም ላይ መሳቅ አያስወቅስም፤ ስፌቱ እየታየ ነውና። ስፌት በሌለው ነገር ላይ ተርጓሚ መሆን ግን ነውር ነው። እዚያ የሚገባው ዝምታ ነው፤ ወይም የሟቹን ስም መጠየቅ ነው።

ስለዚህ «ደሙ በዛ» እና «ስታይል ነው» የሚለው ክርክር ይብቃንና ሦስት ጥያቄ ይዘን እንይ። ደሙ ቀለም መሆኑን ፊልሙ ይነግረናል ወይስ ይደብቀናል? ከደሙ በፊት የተቆጠረ ዕዳ አለ ወይ? ሬሳው ወገን አለው ወይ? በመጀመሪያው ብቻ ያለፈ ፊልም ለአንድ ቅዳሜ ማታ ይበቃል፤ ይታይ፣ ይሳቅበት። በሦስቱም ያለፈ ፊልም ግን ከአዳራሹ ስንወጣ አብሮን ይወጣል። የሌላ ሚዛን ያለው ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ስቴንስል ገና አልተመታም።